የሱልጣኑ ፏፏቴና የፋርማሲስቱ ቦዮች

ሰፈሩ «ሱልጣኑ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የገዛ ሠራተኞቹ ለማሾፍ ነው፤ እሱ ግን ዘውድ እንደተጫነለት ሰው ደረቱን ነፍቶ ተቀብሎታል። በወጣትነቱ ባህር ማዶ ተሻግሮ፣ በአንድ ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ ሠርቷል። ይህ እውነት ነው። ሥራው ችግኝ የተተከለበትን ማሰሮ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ መሸከም ነበር። ይህም እውነት ነው፤ ይህኛው እውነት ግን ለደንበኛ አይነገርም። ለደንበኛ የሚነገረው፣ «እኔና ሱልጣኑ ውሃው በየት በኩል ይውረድ ብለን የተጣላን ዕለት…» ብሎ የሚጀምረው ነው። እውነተኛውን ሱልጣን በሕይወቱ ያየው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ከጀርባው፣ ያውም በብርቱካን ቅጠሎች መሃል አጮልቆ።

ዛሬ ጎልማሳ ነው። ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ ቦርጭ አለው፤ ከቦርጩ ቀድሞ የሚገባ ወሬ አለው። ሱቁ ውስጥ የፕላስቲክ ሣር በጥቅል፣ ባለ ቀለም መብራት፣ የውሃ ፓምፕ፣ ከሲሚንቶ የተሠራ አንበሳና ዳክዬ ይሸጣል። የየሆቴሉንና የየመሥሪያ ቤቱን ግቢ ሲያሳምር ሠራተኞቹን አሰልፎ ንግግር ያደርጋል።

«የእስልምና የአትክልት ጥበብ ማለት» ይላል ጣቱን ቀስሮ፣ «ጀነትን በካሬ ሜትር መተርጎም ነው! አራት መደብ፣ አራት ቦይ፣ መሃል ላይ አንድ ገንዳ። ለምን አራት? የጀነት ወንዞች አራት ናቸዋ! ውሃ፣ ወተት፣ ወይን፣ ማር። ዙሪያው አጥር። ለምን አጥር? ሙቀቱ፣ አቧራውና የሰው ዓይን ውጭ ይቅር!»

እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። የቀረውን ግን አያውቅም። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ውሃው ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው ብትጠይቁት ለሰዓታት ያወራላችኋል እንጂ መልስ የለውም። በግራም በቀኝም ትከሻው ማሰሮ ተሸክሞ ስለሚውል ጆሮዎቹ ተደፍነው ነበር የከረሙት።

የሚኖረው በሚስቱ አባት ቤት ነው። ስለ ቤቱ ለሰው ሲያወራ ግን «አማቼን እኔ ጋ አስቀምጬ» ይላል። አማቱ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጠብታ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ሌላውንም ነገር በጠብታ ይሰጣሉ፤ ምስጋናን በተለይ። ሱልጣኑ ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ አንዲት «ጎበዝ» ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። «ሱልጣን» ብለው ሲጠሩት እንኳ መራራ ሽሮፕ ለልጅ የሚያቀርቡ ነው የሚመስሉት።

የግቢውን አትክልት የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ከጣሪያው የሚወርደው የዝናብ ውሃ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። ከታንከሩ በራሱ ጊዜ፣ ያለ ፓምፕ፣ ቀጭን ሆኖ መሃል ወዳለችው ትንሽ ገንዳ ይወርዳል። ከገንዳዋ ከመዳፍ የማይሰፉ አራት ቦዮች ወጥተው ወደ መኝታ ቤቱ፣ ወደ ወጥ ቤቱ፣ ወደ ውጭው በርና ሮማኑ ሥር ወዳለው የስግደት ቦታ ይሄዳሉ። መደቦቹ ከመሄጃው ዝቅ ተደርገው የተቆፈሩ ናቸው፤ ፀሐይ እርጥበታቸውን አትሰርቅም፤ መሄጃው ላይ የቆመ ሰው ደግሞ እጁን ሲዘረጋ የሮማኑን ፍሬ ያለ መሰላል ይነካዋል። ከሶላት በፊት ለመታጠብ፣ ለውዱእ፣ የዋለው ውሃ ሳይቀር ወደ ወጥ ቤቱ ቦይ ገብቶ ሎሚውን ያጠጣል።

«ወንዝ ዳር ቆመንም ቢሆን ውሃ እንዳናባክን ታዘናል» ይሉ ነበር ሽማግሌው። «እዚህ ደግሞ ወንዝም የለን። አንድ ጠብታ ለጆሮ፣ ለእጅና ለሥር ሳይሠራ ከዚህ ግቢ አይወጣም።»

ሱልጣኑ ይህን ሲሰማ በሆዱ ይስቃል። እንኳን ለሱልጣን፣ ለድመት የማይበቃ ውሃ!

የሽማግሌው ዓይን ለዓመታት እየደከመ ቆይቶ በመጨረሻ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል አሉ። ትንሿ ልጃቸው በትልቁ ከተማ፣ በፎቅ ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ስለምትኖር እሷ ጋ ሄዱ። የሱልጣኑ ሚስት፣ አዋላጅ ነርስ ናት፣ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ አብራቸው ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ባሏን ገሰጸችው።

«የተሰነጠቀችውን ገንዳ ድፈናት። ሌላ ምንም እንዳትነካ። ሰምተኸኛል? ምንም!»

«ምንም» አለ ሱልጣኑ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ችግሩ፣ ይህ ሰው በሕይወቱ ብዙ ነገር ሠርቷል፤ «ምንም» ግን ሠርቶ አያውቅም።

ገንዳዋን በአንድ ጠዋት ደፈናት። ከሰዓት በኋላ ወገቡን ይዞ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየው። ሽማግሌው ዓይናቸው በርቶ ሲመለሱ የሚያዩት ይህችን ነው? «ጎበዝ» የምትባለዋ ጀነት እዚህ ግቢ ውስጥ ተቀብራ፣ እሱ ቆፍሮ እስኪያወጣት የምትጠብቀው መሰለው። በማግስቱ ሠራተኞቹን ከነዶማቸው አስገባ።

ቦዮቹን ከነጠጠሮቻቸው ነቅሎ ውሃውን በቧንቧ ከመሬት ሥር ቀበረው። በመደቦቹ ዙሪያ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ግንብ አቆመ። መሄጃውን መስታወት የሚያስንቅ ሴራሚክ አለበሰው። መሃል ላይ ባለ ሦስት ደርብ፣ ወርቅ ቀለም የተቀባ ፏፏቴ ተከለ፤ ውሃው ጣሪያውን አልፎ ይወነጨፋል፤ መብራቱ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ይሆናል። ወደ ወጥ ቤቱ በምትሄደው ቦይ ላይ ሴራሚኩ አልቆበት ቀረች እንጂ እሷም አትተርፍም ነበር።

ሚስቱ በስልክ ደውላ ቀዶ ሕክምናው እንዳልተሳካና አባቷ ጨርሶ እንደማያዩ ስትነግረው፣ ሱልጣኑ የፏፏቴውን ጫፍ እየወለወለ ነበር። መወልወያው ከእጁ ወደቀ። አዝኖ አለቀሰ፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው። ዕንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ግን ለራሱ እንዲህ አለ፦ «ባያዩትም ይሰሙታል!»

ሰሙት።

ትንሿ ልጃቸው መኪናዋን በር ላይ አቁማ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ ሚስቱ ከኋላ ሻንጣ ይዛለች። ሽማግሌው ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ገና ያልለመዷትን ከዘራ እንደ ጃንጥላ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ደፉ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ፏፏቴ ነው አባባ!» አለ ሱልጣኑ ከድምፁ በላይ እየጮኸ። «እንኳን ደህና መጡ!»

«ዝናብ መስሎኝ ልብስ አስገቡ ልል ነበር።»

«ከሰፈሩ መግቢያ ጀምሮ ይታያል እኮ አባባ! ጣሪያውን አልፎ ነው የሚሄደው!»

«ይታያል?» አሉ ሽማግሌው። «ለእኔ ነው የሚታየው?»

ሱልጣኑ አፉን ከፈተ። በዚህ መሃል ነፋስ መጣና የፏፏቴውን አናት ገምሶ አራቱንም አጠባቸው። ትንሿ ልጅ ፀጉሯን ይዛ ጮኸች። ሽማግሌው ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉና አንገታቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ የጠፋ ልጅ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«የመኝታ ቤቱ ውሃ የት ሄደ?» አሉ።

ማንም አልገባውም። ታንከሩን ማለታቸው የመሰለው ሱልጣኑ «ሞልቷል አባባ!» አለ፤ እሱም ውሸት ነበር፤ ፏፏቴው ግማሹን ጠጥቶታል።

ሽማግሌው የልጃቸውን ክንድ ለቀው ብቻቸውን ተራመዱ። ብዙም ሳይሄዱ ጉልበታቸው ከአዲሱ ግንብ ጋር ተጋጨ። ዞሩ። በሌላ በኩል ሞከሩ። ሴራሚኩ አንሸራተታቸውና ፏፏቴውን አቅፈው ቆሙ። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ትንሿን ልጃቸውን ጠሩ።

«የኔ ልጅ፣ የሰው ቤት ነው ያስገባሽኝ። ወደ አንቺው ቤት እንመለስ።»

«እኔስ መጀመሪያውኑ ምን አልኩ?» አለች እሷ። «ከነገ ወዲያ ለምርመራ ይዤዎት እሄዳለሁ። ከዚያ አንዴ መጥተን ልብስዎን ጠቅልለን እንወስዳለን። በቃ።»

ሚስቱ ሱልጣኑን በክንዱ ይዛ ወጥ ቤት ውስጥ አስገባችውና በሩን ዘጋች።

«ምንም አልኩህ እኮ!»

«ምን ላድርግ? ምንም የሚባል ዕቃ እኮ ሱቄ ውስጥ የለም!»

«አትቀልድ።» ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል። «አባቴን አውቀዋለሁ። ስድስተኛ ፎቅ ከወጣ አይወርድም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ፤ እዚያው ወንበር ላይ ያልቃል። እዚህ ቤት ብቻውን ቆሞ የሚሄድባት ግቢ ነበረችው። እሷንም አንተ ወሰድክበት።»

ሱልጣኑ የሚመልሰው አጣ። ይህ በራሱ ለታሪክ የሚቀመጥ ነው፤ ግን ማንም ልብ አላለውም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ፏፏቴው አንዴ ተንተባተበና ቀጥ አለ። ግቢው ጸጥ ሲል ሱልጣኑ የፓምፑን ገመድ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው ከዘራቸውን እየጎተቱ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወደ ቧንቧው መጡና ለቀትር ሶላት ውዱእ አደረጉ። በቀጭኑ የከፈቱት ውሃ ከእጃቸው ወርዶ፣ ሳትፈርስ በተረፈችው የወጥ ቤት ቦይ ውስጥ ገባ፤ በጠጠሮቹ መሃል እየተሹለከለከ ማውራት ጀመረ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ትተዋት ሄዱ። ቀጥ ብለው፣ ሳያመነቱ፣ በጡረታ የወጡበትን ዕድሜ ወደ ኋላ እንደጣሉ ሰው ተራመዱ። ዝቅ ያለው የሎሚ ቅርንጫፍ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው አለፉት። የወጥ ቤቱን በር እጀታ በመጀመሪያው ዝርጋታ አገኙት።

ሱልጣኑ ከመቀመጫው ተነሳ። የፓምፑ ገመድ እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«አባባ… እንዴት አድርገው ነው?»

«ምኑን?»

«በሩን… ቅርንጫፉን…»

«ውሃው ያወራል» አሉ ሽማግሌው ዞር ሳይሉ። «አንተ ስታወራ ግን ማን ይሰማዋል?» ብለው ገቡ።

ሱልጣኑ እንደ ሲሚንቶ ዳክዬዎቹ ደርቆ ቀረ። ማታ ለሚስቱ ያየውን ሲነግራት እሷም ፈዝዛ ተቀመጠች። ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ መጣላት። አባቷ ባለፉት ዓመታት ገንዳዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይውሉ ነበር፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላት ነበር። አንዳንዴ መሮና መዶሻ ይዘው አንዲት ድንጋይ ይጠርባሉ፤ ጠጠር ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ መልሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የወጥ ቤቱ ቦይ ጠጠር በጠጠር፣ የስግደቱ ቦይ ለስላሳ፣ የውጭው በር በትንሽ ደረጃ ላይ ዘሎ የሚወድቅ። የመኝታ ቤቱ ቦይ ደግሞ ከገንዳዋ ሲወጣ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተጠረበች ሰፊ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ያንሾካሹካል።

«ዓይኑ እንደሚጠፋ ያውቅ ነበር» አለች ሚስቱ። «ማናችንንም ሳያስጨንቅ እየተዘጋጀ ነበር።»

ሱልጣኑ ግን «የዓሣ ቅርፊት» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፊቱን አዞረ።

«ድንጋዮቹ የት ናቸው?» አለች ሚስቱ።

«ጠጠሮቹ ሱቁ ጓሮ በከረጢት አሉ።»

«ትልቋስ?»

ሱልጣኑ ጣራውን አየ። «ትልቋ… ትልቅ ቦታ ነው ያለችው።»

ትልቋ ድንጋይ በከተማው ትልቁ ሆቴል፣ ወለሉ በሰም በሚወለወለው የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ውስጥ፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰ መደርደሪያ ላይ ነበረች። ሱልጣኑ ለሆቴሉ ባለቤት ሲሸጥለት «ከሱልጣኑ የግል መታጠቢያ የወጣች፣ ሰባት መቶ ዓመት ያለፋት» ብሎ ነበር። ሰባት መቶው ከየት እንደመጣ እሱም አያውቅም፤ አፉ ላይ የመጣው ቁጥር እሱ ነበር።

ሽማግሌው ለምርመራ በሄዱበት ጠዋት ሱልጣኑ ሆቴሉ ደረሰ። ባለቤቱ፣ ወፍራምና ሳቂታ ሰው፣ በሁለት እጁ ተቀበለው።

«ሱልጣን! ድንጋይህን እንግዳ ሁሉ ፎቶ እየተነሳባት ነው!»

«ስለ እሷ ነው የመጣሁት» አለ ሱልጣኑ ድምፁን አክብዶ። «መልስልኝ። ውስጧ ተሰንጥቋል፤ ድንገት ፈንድታ ሰው ትጎዳብሃለች።»

«ተሰንጥቃለች? እንዲህ ጥንታዊ ናት በለኛ! መስታወት አሠራላታለሁ።»

ሱልጣኑ ላብ ጀመረው። «እውነቱን ልንገርህ። የሱልጣኑ ልጆች ሰምተዋል። ሰው ልከው እየፈለጓት ነው።»

«ያረቢ!» ባለቤቱ በደስታ እጁን አጋጨ። «እንግዲያማ ጥበቃ እቀጥርላታለሁ። ሱልጣኖች የሚጣሉባትን ድንጋይ እኔ ምን ቆርጦኝ ነው የምሰጥ?»

«ወንድሜ፣ እርግማን አለባት! የያዛት ሁሉ ይከስራል!»

«እሷ ከመጣች ወዲህ አንድ ክፍል ባዶ አድሮብኝ አያውቅም።»

ሱልጣኑ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ከአፉ የሚወጣው እያንዳንዱ ቃል ድንጋዪቱን ከእሱ እያራቃት፣ ከፍ ከፍ እያደረጋት ነበር። ዕድሜ ልኩን ዕቃ ሲያገዝፍ የኖረ ሰው አሁን እንዴት አድርጎ ያሳንሳት? ይህን የሙያ ክፍል አልተማረም። ሌላ አራተኛ ውሸት ሲፈልግ፣ አማቱ ፏፏቴውን አቅፈው የቆሙበት መልክ ዓይኑ ላይ መጣበት።

«የአማቼ ናት» አለ።

«እ?»

«ሱልጣንም የለ፣ መታጠቢያም የለ። አማቼ ናቸው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው በመሮ የጠረቧት። እኔ የቤተ መንግሥት ማሰሮ ተሸካሚ ነበርኩ እንጂ ሱልጣኑን ከጀርባው ነው የማውቀው። አማቼ አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል። ወደ መኝታ ቤታቸው የሚሄዱት ይህች ድንጋይ ላይ በሚወርደው ውሃ ድምፅ ነው። ካልመለስኳት ቤታቸውን ትተው ይሄዳሉ።»

ባለቤቱ አፉ ተከፍቶ ቀረ። «አማትህ… ፋርማሲስቱ? ያ የሳል ሽሮፕ ሲሰጠኝ ‹ማንኪያውን አታትረፍርፈው!› ብሎ የገላመጠኝ?»

«እሳቸው ናቸው።»

ሰውዬው መሳቅ ጀመረ። ቦርጩ እየተንቀጠቀጠ፣ የእንግዳ መቀበያውን ጠረጴዛ ይዞ፣ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። አስተናጋጆቹ ተሰብስበው አብረው ሳቁ። ሱልጣኑም መጨረሻ ላይ፣ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ፣ በራሱ ላይ አብሮ ሳቀ፤ ደግሞም ከሁሉም ድምፁ ጎልቶ ተሰማ።

«ውሰዳት» አለ ባለቤቱ ዓይኑን እየጠረገ። «ግን ባዶ መደርደሪያ አታሳየኝ። የተከልከውን ፏፏቴ ነቅለህ አምጣልኝ። ከሱልጣን ነው እላለሁ፤ አንተው ሱልጣን አይደለህ?»

ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ የሆነውን ሱልጣኑ በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ የዓለም ስምንተኛው ድንቅ ብሎ ያወራው ነበር። ሠራተኞቹን ግን አልጠራም፤ አፋቸውን ያውቃል፤ ከእሱ ነው የተማሩት። ፏፏቴውን ነቅሎ ሆቴሉ አደረሰ፤ ግንቡን ራሱ አፈረሰ። ሴራሚኩን ራሱ ነቀለ። በመጀመሪያው ቀን ወገቡ ተቆረጠ፤ በሁለተኛው ቀን ወገብ እንደነበረውም ረሳ። በቀጭን ላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ የቦዮቹን ዝንባሌ ለካ። ጥቂት ከበዛ ውሃው ይሮጥና ዝም ይላል፤ ጥቂት ካነሰ ይተኛል። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በማሰሮ ጆሮው ተደፍኖ ያለፈውን ትምህርት፣ ጭቃ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ አንድ ጆሮውን ወደ ቦዩ ደፍቶ ተማረው።

ጠጠሮቹ ከባዱ ነገር ሆኑ። ከረጢቱ ውስጥ ተደባልቀዋል። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ነጠላዋን አውልቃ ዓይኑን አሰረችለት።

«ሂድ። ወደ ውጭው በር።»

ሄደ። ተከታትሎ አንድ ጩኸትና አንድ ድፍን ድምፅ ተሰማ።

«የት ነው ያለሁት?»

«ጽጌረዳው ውስጥ።»

በጎረቤት በረንዳ ላይ ያለችው ሴትዮ ልብስ ማስጣቷን ትታ ወገቧን ይዛ ትመለከት ነበር። «ሱልጣን! ዘውዱ ዓይንህ ላይ ወርዶ ነው?»

«አይዞሽ እትዬ፣ ወደ ቦታው እየመለስኩት ነው!» አለ እሾህ ከእጁ እየነቀለ።

«ደስ ይበልህ! ፏፏቴህ ልብሴን ስንት ጊዜ መልሶ አጠበው መሰለህ!»

ሚስቱ ቦዮቹ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ታዳምጣለች። «አይደለም። የወጥ ቤቱ እንዲህ አያወራም፤ እሱ ሐሜተኛ ነው፤ ይቸኩላል። ትንንሾቹን ወደዚያ ውሰዳቸው… እህ… አሁን መጣ። የስግደቱ ግን በዝቷል፤ ዱዓ እንደሚያደርግ ሰው ቀስ ይበል።» ድንጋይ ያነሳል፣ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ዓይኑን ያስራል፣ ይወድቃል። በመጨረሻ የዓሣ ቅርፊቷን ድንጋይ ከገንዳዋ አፍ ላይ ሲያስቀምጣት ውሃው በላይዋ ላይ እንደ ቀጭን ሐር ተዘርግቶ ሹክ ሹክ አለ። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ሱልጣኑ ዓይኑ እንደታሰረ፣ ሹክሹክታውን ተከትሎ ሄዶ የመኝታ ቤቱን በር በግንባሩ አገኘው። መግጨቱ አመመው፤ በሩ መሆኑ ግን አስደሰተው።

ልብስ የሚጠቀለልበት ቀን መጣ። ትንሿ ልጅ ባዶ ሻንጣ ከመኪናዋ አወረደች። «ቶሎ እንሂድ አባባ፣ መንገድ ላይ ሳይመሽብን።»

ሽማግሌው ደፉ ላይ ቆሙ። አንገታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ። ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ግቢው ውስጥ የሚሰማ ትልቅ ነገር የለም፤ ትንንሽ ነገሮች ብቻ አሉ። ሱልጣኑ ግድግዳው ጋ ቆሞ ትንፋሹን ውጧል፤ በእጁና በግንባሩ ላይ ሰባት ዓይነት ፕላስተር አለ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ለልጃቸው ሰጡ። ተራመዱ። ገንዳዋን ዞሩ። ሮማኑ ሥር ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አንዲት ፍሬ ጨበጡ፤ አልቀጠፏትም፤ እንደ ልጅ ጉንጭ ዳበስ አድርገው ተዉአት። ወደ መኝታ ቤታቸው ሄደው በሩን ከፈቱና እንደገና ዘግተው ተመለሱ።

«ባለፈው ያስገባሽኝ የማን ቤት ነበር?» አሉ ትንሿን ልጃቸውን። «የሰው ቤት ነው ስልሽ አላመንሽኝም።»

ትንሿ ልጅ አፏን ስትከፍት እህቷ እግሯን ረገጠቻት።

«አንተስ ሱልጣን» አሉ ሽማግሌው፣ እሱ ወደቆመበት በትክክል ዞረው። «እኔ ሳልኖር ምን ስትሠራ ከረምክ?»

እዚህ ላይ ቆም ብሎ የሰውየውን መከራ ማሰብ ያስፈልጋል። በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ሥራ እግሩ ሥር እየተንሾካሾከ ነው። ወገቡ ይመሰክራል፤ ግንባሩ ይመሰክራል። አንዲት ቃል ቢናገር ግን የመጀመሪያው ጥፋቱም አብሮ ይወጣል። ቃላቱ ጉሮሮው ላይ ተሰልፈው እርስ በርስ ሲገፋፉ ሚስቱ በዓይኗ አየችው። ዋጣቸው። ሲዋጡ ድምፃቸው የተሰማ ይመስላል።

«ምንም አባባ። የተሰነጠቀችውን ገንዳ ደፈንኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ገንዳዋ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጣታቸውን የዓሣ ቅርፊቷ ድንጋይ ላይ፣ በውሃው ውስጥ፣ ወደ ላይና ወደ ታች አንሸራተቱ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ዕድሜ ልካቸውን ሽሮፕን ከሽሮፕ በማሽተት የለዩ ሰው ናቸው።

«ይህች ድንጋይ የት ከርማ ነው የወለል ሰም የምትሸተው?»

ውሃው እንኳ ጆሮውን የጣለ መሰለ። ሱልጣኑ በደረቱ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሱልጣኖች፣ አንድ መርከብና አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሱ ተሰማው። አስቀመጣቸው።

«እንግድነት ሄዳ ነበር አባባ።»

«እንግድነት?»

«አዎ።»

«ተመለሰች?»

«ተመልሳለች።»

የሽማግሌው ከንፈር ጥግ ትንሽ ተነቃነቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳቅ ይባል ነበር፤ እሳቸው ግን በጠብታ ነው የሚሰጡት። ፊታቸውን ወደ ትንሿ ልጃቸው አዞሩ።

«ሻንጣሽን ወደ መኪናሽ መልሺው፣ የኔ ልጅ። መንገድ ላይ ሳይመሽብሽ።» ከዚያም ጣታቸውን መልሰው ውሃው ውስጥ እያስገቡ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለዩ፣ «ጎበዝ» አሉ።

ትንሿ ልጅ ለእሷ መሰላት። ሚስቱ ለድንጋዪቱ መሰላት። ሱልጣኑ ግን በማግስቱ ሱቁ ውስጥ፣ በሲሚንቶ ዳክዬዎቹ መሃል ቆሞ፣ አማቱ ሦስት ጊዜ ደጋግመው፣ ቆመው፣ እጁን ይዘው «ጎበዝ» እንዳሉት ለሠራተኞቹ አወራ።

«ምን ሠርተህ ነው?» አሉት።

«ምንም» አለ ሱልጣኑ ደረቱን ነፍቶ። «እንደ እኔ ያለ ምንም የሚሠራ ሰው በዚህ አገር የለም!»